ሰማዩ ሰማያዊ ባይሆንስ?

እንደምን አመሻችሁ።

ከሁሉ በፊት ትናንት የገጠመኝን ልንገራችሁ። ለዛሬው ምሽት አንድ ሥዕል በትልቁ ላሳትም ብዬ ፋይሉን ላክሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራ። የማተሚያ ቤቱ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ፋይሉ ሳይበላሽ አልቀረም። የሴትየዋ ፊት መሀል ለመሀል አረንጓዴ ሆኗል።» አልተበላሸም፣ ሥዕሉ እንደዚያው ነው አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። «ችግር የለውም ጋሼ፣ በነፃ አስተካክልልዎታለሁ። ሁለት ደቂቃ ነው።»

እንዳይነካው ለምኜ ነው ያሳተምኩት። ልጁ ክፋት የለበትም፤ ሥራውን የሚያከብር ልጅ ነው። እንዲያውም ዛሬ ላወራችሁ የመጣሁበትን ጉዳይ በአጭሩ ጨርሶታል። ፊት አረንጓዴ አይሆንም፤ ከሆነ የሆነ ስህተት አለ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1905 የፓሪስ ሰውም ያለው ይህንኑ ነው። እነሱ ግን በነፃ ላስተካክል አላሉም። ሳቁ።

ቦታው ግራን ፓሌ የሚባለው ትልቅ የመስታወት ጣሪያ ያለው ሕንፃ ነው። እዚያ ሳሎን ዶቶን የሚባል ዓመታዊ የሥዕል ትርኢት ነበረ፤ ከተጀመረ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። የ1905ቱ በኦክቶበር ተከፈተ። በክፍል ቁጥር 7 የጥቂት ሠዓሊዎች ሥራ አንድ ላይ ተሰቅሏል። አንሪ ማቲስ፣ አንድሬ ደሬን፣ ሞሪስ ደ ቭላማንክ፣ አልበር ማርኬ፣ ሌሎችም። ግድግዳው ይጮኻል። ሮዝ ባሕር፣ ሰማያዊ ዛፍ፣ አረንጓዴ አፍንጫ። በዚህ ሁሉ ጩኸት መሀል ደግሞ አንድ ጨዋ ነገር ቆሟል፤ የድሮ የጣሊያን ሥራ የሚመስል፣ የሕፃን ገላ የተቀረጸበት ቅርጽ።

ሉዊ ቮክሴል የሚባል ሐያሲ ይህን አየና «ዶናቴሎ በአውሬዎች መሀል» ብሎ በጋዜጣ ጻፈ። ዶናቴሎ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ታላቅ የፍሎረንስ ቀራፂ ነው። አውሬ በፈረንሳይኛ ፎቭ ነው። አለቀ። የሰፈር ቅጽል ስም እንዴት እንደሚጣበቅ ታውቃላችሁ። አንዱ በቀልድ ይጥለዋል፣ ከዚያ እናትህ ሳትቀር በሱ ትጠራሃለች። ሠዓሊዎቹ ማኅበር አልነበራቸውም፤ መግለጫ አላወጡም፤ ለራሳቸው ስምም አልሰጡም። ፎቪዝም የምንለው ስም ከዚያች ቀልድ የወጣ ነው። የሚያስቀው፣ በዚያው ትርኢት ላይ እውነተኛ አውሬም ነበረ። አንሪ ሩሶ አንድ የተራበ አንበሳ አጋዘን ላይ ሲሰፍር የሚያሳይ ትልቅ ሸራ አቅርቦ ነበር።

ሌላ የምወዳት ነገር አለች። በኖቬምበር መጀመሪያ ኢሉስትራሲዮን የተባለው ታዋቂ መጽሔት የእነዚህን ሠዓሊዎች ሥራ ለአንባቢ አቀረበ። ከሥዕሎቹ ሥር የሐያስያንን አስተያየት ደርድሯል። ሥዕሎቹ የታተሙት ግን በጥቁርና ነጭ ነው! አስቡት። ጉዳዩ ሁሉ ቀለም ሆኖ ሳለ፣ ከፓሪስ ውጭ ያለው አንባቢ በእነዚህ ሰዎች የሳቀው አንዲት ጠብታ ቀለም ሳያይ ነው።

እስቲ አሁን ወደ ራሳችን ቋንቋ ልምጣ። የቀለሞቻችንን ስም አዳምጡት። ሰማያዊ፣ የሰማይ ነው። ቡናማ የቡና ነው። ብርቱካናማ፣ አመድማ፣ ወርቃማ፣ ወይን ጠጅ። ብዙዎቹ ባለቤት አላቸው። ሰማያዊ ሸሚዝ ስንገዛ ቀለሙን ከሰማይ የተዋስን ያህል ነው። እንዲህ ባለ ቋንቋ ውስጥ ላደገ ሰው «ሰማዩ ሰማያዊ አይደለም» ማለት በጆሮም ይከብዳል።

ግን እዚሁ አማርኛ ውስጥ ሌላም ነገር አለ። «ልጅቷ ቀይ ናት» እንላለን። ቲማቲም ትመስላለች ማለታችን ነው? አይደለም። ቀይ የሆነችው ከእህቷ ጋር ስትተያይ ነው። ከሷ የቀላች አክስት ከመጣች ጠይም ተብላ ልትቀመጥ ትችላለች። «ፊቱ ጠቆረ» እንላለን። ፊቱ አልጠቆረም፤ ከፍቶታል። «ፊቷ በራ» እንላለን፤ አምፖል አልዋጠችም። ቀለም ከጎኑ ባለው ነገር ሲለወጥ፣ ቀለም ስሜት ሲሆን፣ ቋንቋችን ምንም አይጨንቀውም። እንግዲህ ማቲስና ጓደኞቹ የመጀመሪያውን ዓይነት ቀለም ትተው ሁለተኛውን ይዘው ሄዱ ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

አረንጓዴው ፊት የተወለደበትን ቦታ እንይ። ኮሊዩር ትባላለች። በሜዲትራንያን ዳርቻ፣ ከስፔን ድንበር አጠገብ ያለች የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። ማቲስ በ1905 በጋ ቤተሰቡን ይዞ እዚያ ወረደ። የነሱ በጋ ማለቴ ነው፤ እኛ ጋ ዝናብ ነው። ዕድሜው 35 ነው፣ ባለትዳርና የልጆች አባት፣ ኪሱ ባዶ። ደሬንን ና ብሎ ጠራው። ደሬን 25 ዓመቱ ነው። ቤተሰቦቹ ልጃቸው ሠዓሊ እንዳይሆን ይፈልጉ ነበር። ማቲስ ቀደም ብሎ ራሱ ቤታቸው ሄዶ አግባብቷቸዋል። ሽማግሌ ልኮ ሚስት እንደሚያስጠይቅ ሰው፣ እሱ ደግሞ ለሠዓሊነት ጠየቀ። ጺም ያለው፣ መነጽር ያደረገ፣ በደንብ የለበሰ ሰው ነው። ማን አውሬ ይለዋል?

ያ በጋ ሁለቱን ሰዎች ለወጣቸው። ደሬን በጁላይ መጨረሻ ለጓደኛው ለቭላማንክ ደብዳቤ ጻፈ። ዋና ሐሳቡ ይህ ነው፤ እዚህ ብርሃኑ በጣም ኃይለኛ ስለሆነ ጥላው ራሱ ያበራል። ጥላ የራሱ ብርሃን ያለው ዓለም ነው። ስለዚህ ጥላን በአሮጌው መንገድ መሳል ቀረ።

ይህ ለሠዓሊ ትልቅ ነገር ነው። ምክንያቱም በትምህርት ቤት የሚያስተምሩን ሌላ ነው። ብርቱካን ስትስል ብርሃን ያላረፈበትን ጎን ለማጨለም ጥቁር ወይም ቡናማ ትጨምራለህ። እኔም እንዲሁ ነበር የተማርኩት። ጥቁር ስትጨምር ብርቱካኑ ይከበባል፣ እውነት ነው። ግን ይቆሽሻል። ሁለት ቀን ከረጢት ውስጥ የከረመ ይመስላል። ፀሐይ ላይ ያለ ብርቱካን እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ኮሊዩር ላይ እነዚህ ሰዎች ሌላ መንገድ ያዙ። ብርሃን ያለበትን በሞቃት ቀለም፣ ጥላውን በቀዝቃዛ ቀለም። ቢጫና ቀይ ፀሐይ ሲሆኑ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ሐምራዊ ጥላ ሆኑ። ጥቁሩ ሥራውን ለቀቀ። ቅርጽ የሚመጣው ከማጨለም መሆኑ ቀርቶ ከቀለም ለውጥ ሆነ።

ከዚያ በጋ የወጣ አንድ ትንሽ ሸራ አለ፤ በመስኮት በኩል ወደብ የሚያሳይ። አሁን ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የሥዕል ሙዚየም ነው። 55 በ46 ሳንቲሜትር ብቻ ነው፣ በብብት ይያዛል። በአንድ በኩል ያለው ግድግዳ ወደ አረንጓዴ ያደላ ሰማያዊ፣ በሌላው በኩል ያለው ደማቅ ሮዝ ነው። ውጭ ባሕሩ ሮዝ ነው። የጀልባዎቹ ምሰሶ ብርቱካናማ ነው። ያም ሆኖ ሙቀቱ ፊትህን ይመታሃል። ለምን ብትሉኝ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው ቀለም ሁሉ ከውጭው ጋር እየተነጋገረ ነው። ሮዙን ግድግዳ አውጥታችሁ ነጭ ብትቀቡት ባሕሩ ይሞታል።

ይህ ነገር ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ትንሽ ሳይንስ አለበት። ሚሼል ኡዤን ሼቭረል የሚባል ኬሚስት ነበር፤ በፓሪስ የጎበላን የምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ። ጥቁሩ ክራችን ደብዛዛ ነው የሚል ቅሬታ መጣበት። ማቅለሚያውን መረመረ፤ ምንም የለበትም። ችግሩ ከጥቁሩ ጎን የተሸመነው ክር ሆኖ ተገኘ። ጎረቤቱ ነው ያደበዘዘው። በ1839 ይህንን ሕግ በመጽሐፍ አወጣው፤ ሁለት ቀለሞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ሌላውን ይለውጠዋል። ቀይ ከአረንጓዴ፣ ሰማያዊ ከብርቱካናማ ጎን ሲሆን ሁለቱም ይነዳሉ። አንድ ጥለት በነጭ ነጠላና በጥቁር ጨርቅ ላይ አንድ ዓይነት እንደማይመስል የኛ ሸማኔም ያውቃል፤ ፓሪስ መሄድ አያስፈልገውም። በነገራችን ላይ ሼቭረል 102 ዓመት ኖሯል።

ማቲስም ያደገው በሸማኔዎች ከተማ ነው። ቦኤን ትባላለች፣ ሰሜን ፈረንሳይ፣ ውድ ጨርቅ የሚሸመንባት። አባቱ እህልና ዘር ነጋዴ ነበር። እናቱ በሱቁ ውስጥ የቤት ቀለም ትሸጥ ነበር። እሱ ሕግ ተምሮ በጠበቃ ቢሮ ተቀጠረ። 20 ዓመት ገደማ ሲሆነው ታሞ አልጋ ላይ ሲውል እናቱ የቀለም ሳጥን አመጣችለት። ጠበቃው እዚያው አልጋ ላይ ቀረ።

ሌሎች ምክንያቶችን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። በ1841 አንድ አሜሪካዊ ሠዓሊ የቆርቆሮ ቱቦ ፈጠረ፤ ቀለም ተሸክሞ ሜዳ መውጣት ተቻለ። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ኬሚስትሪ ካድሚየም ቢጫንና ኮባልት ሰማያዊን የመሰሉ ድሮ ያልነበሩ ደማቅ ቀለሞች አመጣ። በ1901 ፓሪስ ላይ የቫን ጎግ ትርኢት ተደረገ፤ ቭላማንክ በዚያ ቀን ቫን ጎግን ከአባቴ አስበልጬ ወደድኩት ብሏል። ደግሞ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ጎጋን አለ።

ጎጋን ጋ ትንሽ ልቁም፣ ለኛ የምትሆን ነገር ስላለች። ጎጋን ፓስፊክ ደሴቶች ላይ ሆኖ ሥዕሎቹን ለአንድ ወዳጁ ይልክ ነበር። ወዳጁ ከኮሊዩር ብዙ በማይርቅ ቦታ ይኖራል። በዚያ የ1905 በጋ ማቲስና ደሬን ቤቱ ሄደው ሥዕሎቹን አዩ፤ ሰፋ ሰፋ ብሎ ያለ ጥላ የተቀባ ቀለም። የሰውየው ስም ዳንኤል ደ ሞንፍሬ ነው። ስሙ ጆሮአችሁ ላይ ያቃጨለባችሁ ካላችሁ አልተሳሳታችሁም። ልጁ ያ ሄንሪ ደ ሞንፍሬ ነው። በ1911 ጅቡቲ ወርዶ ቡናና ቆዳ የነገደው፣ በቀይ ባሕር ጦር መሣሪያ ያሻገረው፣ ድሬዳዋ ላይ ሥራ የነበረው፣ በኋላም ከኢትዮጵያ ውጣ የተባለው ሰውዬ። አባት የጎጋንን ሥዕል ያስቀምጣል፣ ልጅ ኮንትሮባንድ ያሻግራል። ከሁለቱ ማን አውሬ እንደነበር እናንተ ፍረዱ።

ወደ ፓሪስ እንመለስ። በክፍል 7 ከሁሉ በላይ የተሳቀበት ሸራ «ባርኔጣ ያደረገች ሴት» የሚባለው ነው። ሴትየዋ የማቲስ ሚስት አሜሊ ናት። የባርኔጣ ሱቅ ነበራት፣ ለረጅም ጊዜ ቤቱን ያኖረችውም እሷ ናት። በሥዕሉ ላይ ግንባሯና አፍንጫዋ አረንጓዴ አለበት፣ ባርኔጣው የአበባ ገበያ ይመስላል፣ ልብሷ ሁሉንም ቀለም ነው። እንደሚወራው አንድ ሰው ማቲስን «ለመሆኑ ያን ቀን የለበሰችው ምን ዓይነት ቀለም ነበር?» ቢለው፣ «ጥቁር ነዋ!» ብሎ መለሰ። ወሬው እውነት ይሁን አይሁን፣ ነገሩ ግን እሱ ነው። ጥቁር ልብስ አየ። ያየውን ሳይሆን ያየው ነገር ያደረሰበትን ሳለ።

ሥዕሉን የገዙት ፓሪስ የሚኖሩ አሜሪካውያን፣ የስታይን ቤተሰቦች ናቸው፣ በ500 ፍራንክ። ሊዮ ስታይን በኋላ ሲጽፍ፣ እስከዚያ ቀን ካየሁት የቀለም ልቅለቃ ሁሉ አስቀያሚው ነበር ብሏል። ግን ተመላልሶ አይቶ ገዛው! መጀመሪያ ዝቅ ያለ ዋጋ አቅርበው ነበር። ማቲስ ሊቀበል ሲል አሜሊ እምቢ አለች ይባላል፤ በልዩነቱ ለልጃቸው የክረምት ልብስ ይገዛላ። ፊቷን አረንጓዴ የቀባባትን ሥዕል በዋጋው የተከራከረችለት እሷ ናት። ዛሬ ሥዕሉ ሳን ፍራንሲስኮ ነው ያለው።

እኔ ያሳተምኩት ግን ከዚያ ጥቂት ቆይቶ በዚያው ዓመት የሠራውን ነው። ኮፐንሃገን የሚገኘውን፣ «አረንጓዴው መስመር» የሚባለውን። ያችው አሜሊ ናት። ሸራው 40 በ32 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ከግንባሯ ተነሥቶ በአፍንጫዋ ላይ ወርዶ እስከ አገጯ የሚደርስ አረንጓዴ መስመር አለ። እዚህ ላይ ሰው ይስቃል፣ ወይ ይናደዳል። «ልጄም ይሠራዋል» የምትለዋ ንግግር የምትመጣው እዚህ ጋ ነው።

ልጃችሁ አይሠራውም፤ ለምን እንደሆነ ላሳያችሁ። መስመሩ ፊቷን ለሁለት ይከፍለዋል። አንዱ ጎን ወደ ቢጫ ያደላል፣ ሌላው ሮዝ ነው። ብርሃኑ ካንድ በኩል ሲመጣ ፊት የሚከፈለው እዚህ ጋ ነው፤ በአፍንጫ በኩል። ማቲስ ያንን ድንበር በቡናማ ፈንታ በአረንጓዴ አሰመረው። ስልካችሁ ላይ ሥዕሉን አውጡና ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጡት። አረንጓዴው ይጠፋል። የሚቀረው ከየትኛውም የድሮ ሥዕል ላይ የምታገኙት ተራ የአፍንጫ ጥላ ነው። ማለት፣ ጨለማና ብርሃኑ ሕጉን ጠብቋል። ያፈነገጠው ቀለሙ ብቻ ነው። ከኋላዋ ያለውንም እዩ፤ አረንጓዴ፣ ሐምራዊና ብርቱካናማ በሦስት ተከፍሏል። የፊቷ አረንጓዴ ከኋላ ካለው አረንጓዴ ጋር ዘመድ ነው። መስመሩን ለብቻው ያመጣው ቢሆን ኖሮ የማተሚያ ቤቱ ልጅ እውነቱን ነበር፤ እድፍ ይሆን ነበር።

ስለዚህ አውሬ የሚለው ስም ለማቲስ አይሆነውም። ለቭላማንክ ከሆነ እሺ። ቭላማንክ ብስክሌት ተወዳዳሪ ነበር፣ ቫዮሊን እየተጫወተ እንጀራውን ይበላ ነበር፣ ሥዕል ትምህርት ቤትን በቀይና በሰማያዊ ቀለሜ ላቃጥለው እፈልጋለሁ ያለ ሰው ነው። ከደሬን ጋር የተዋወቁት ባቡር ላይ ነው፤ የተሳፈሩበት ባቡር ሐዲድ ስቶ በእግር ሲመለሱ። ቀለሙን ከቱቦው ሸራው ላይ ይጨምቀዋል። እውነቱን ለመናገር እሱን ለረጅም ጊዜ ማየት ይደክመኛል። ሁሉም ሰው ባንዴ የሚጮህበት ታክሲ ውስጥ የገባሁ ይመስለኛል።

ደሬን ግን ደስ ይለኛል። አምብሯዝ ቮላር የሚባል ብልህ የሥዕል ነጋዴ ለንደንን ሳልልኝ ብሎ ላከው፤ በ1906። ከሁለት ዓመት በፊት ሞኔ የቴምዝ ወንዝ ሥዕሎቹን ፓሪስ ላይ አሳይቶ ነበር፤ ጉምና ጢስ፣ ሁሉም ነገር የሚሟሟበት። ደሬን እዚያው ድልድይ ሥር ሄዶ ጉሙን ጠራረገው። በአንዱ ሸራ ሰማዩ ሮዝ፣ ሕንፃዎቹ ሰማያዊና አረንጓዴ፣ ወንዙ ቢጫ ነው። ለንደንን የምታውቁ ካላችሁ ውሸት ነው ትሉኝ ይሆናል። አዎ። ግን ከዚህ በኋላ ቴምዝን ስታዩ ግራጫነቱ ትንሽ ያሳዝናችኋል።

ነገሩ ብዙ አልቆየም። ሦስት ዓመት ቢሆን ነው። በ1908 ብራክ፣ እሱም ፎቭ የነበረ፣ ቀለሙን ወደ ቡናማና አረንጓዴ ሰብስቦ ቤቶችን እንደ ሳጥን መሳል ጀመረ። ያው ቮክሴል መጥቶ «ኩብ» አለ። ኩቢዝምም ስም አገኘ! አንድ ሰው ሁለት ጊዜ በስድብ ስም ሲያወጣ ይገርማል። ደሬን ወደ ድሮዎቹ ሊቃውንት ተመለሰ፤ ያኔ ቀለም ለኛ ድማሚት ነበር እያለ ያስታውሰው ነበር። ማቲስ ብቻ እስከ 1954 ሞቱ ድረስ ከቀለም ጋር አብሮ ኖረ።

አንድ ነገር ተናግሬ ልጨርስ። ማቲስ ኮሊዩርን ካየ በኋላ የሠራው ትልቅ ሸራ አለ፤ «የሕይወት ደስታ» ይባላል። ዛሬ ፊላደልፊያ በሚገኘው ባርንስ ሙዚየም ነው። ሰብሳቢው ባርንስ ሥዕሎቹ በቀለም እንዳይታተሙ ከልክሎ ስለነበር ዓለም ለብዙ ዓመታት በጥቁርና ነጭ ነው ያወቀው። እንደ ኢሉስትራሲዮን አንባቢዎች። በዚህ መሀል ካድሚየም ቢጫው በብርሃንና በአየር እየተበላ ነበር። መሀል ላይ ከተኙት ሴቶች ሥር የነበረው ደማቅ ቢጫ አሁን የገረጣ ጥርስ መስሏል። ኬሚስቶች በኤክስሬይ መርምረው ሂደቱን ደርሰውበታል፤ መመለስ ግን አልተቻለም። ቅድም ስለ ጎረቤት ቀለም ያልኩት እዚህም ይሠራል። ቢጫው ሲገረጣ ከጎኑ ያለው ሐምራዊም አብሮ ይደክማል።

ያሳተምኩት ሥዕል በሩ አጠገብ ተሰቅሏል። ስትወጡ ሁለት ሜትር ያህል ራቁ፤ አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑና በጣታችሁ አረንጓዴውን መስመር ሸፍኑት። አፍንጫዋ ሲጠፋ፣ ፊቷ ሳህን ሲሆን ታያላችሁ። ከዚያ ጣታችሁን አንሡ። ብቻ ሕትመቱን እንዳትነኩት፤ ልጁ ቀለሙ ገና አልደረቀም ብሎኛል።